ማክና ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ፀረ ቫይረስ ያስፈልገዋል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ማክ መጠቀም ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ደግሞ የምትጠቀመው ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ነው። ሁለታችንም ፀረ ቫይረስ ጭነን አናውቅም። ‹እነዚህን ኮምፒውተሮች ቫይረስ አይነካቸውም፣ ተጠቃሚያቸው ጥቂት ስለሆነ ማንም አይፈልጋቸውም› ሲባል ነው የሰማነው። ታናሽ ወንድሜ ግን ‹አሁኑኑ ገዝታችሁ ጫኑ› እያለ ያስጨንቀናል። ማንን እንስማ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ገንዘብ አውጥታችሁ ፀረ ቫይረስ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ለአብዛኛው የማክና የሊኑክስ ተጠቃሚም መልሴ ይኸው ነው። ምክንያቱ ግን «ስለማይነካን» አይደለም። ያ ምክንያት ድሮም ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰውን ጉድ እየሠራ ነው። የወንድምዎ ስጋት ትክክል ነው። የማልስማማው ባዘዘላችሁ መድኃኒት ላይ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጥቂት ስለሆኑ አይነኩም» የሚለው ወሬ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ማልዌር (ቫይረስን ጨምሮ ማንኛውም ጎጂ ፕሮግራም) የሚጽፍ ሰው እንደ ማንኛውም ነጋዴ ገበያ ያያል። አንድ ጊዜ ደክሞ ብዙ ሰው ጋ መድረስ ይፈልጋል። በላፕቶፕና በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው ያለው ዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ማልዌር ለዊንዶውስ ይጻፋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ግን ወደ ኋላ ትንሽ እንመለስ። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በግል ኮምፒውተሮች ላይ በሰፊው የተሰራጨው የመጀመሪያው ቫይረስ ኤልክ ክሎነር ይባላል። በ1982 የጻፈው ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ነው። የተሰራጨው በአፕል 2 ኮምፒውተሮች ላይ ነበር፤ በፍሎፒ ዲስክ። ለአይቢኤም ፒሲ የተጻፈው የመጀመሪያው ቫይረስ፣ ብሬን የሚባለው፣ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1988 ደግሞ ሞሪስ የተባለው ዎርም (በኔትወርክ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ማልዌር) ኢንተርኔቱን ሲያናጋ የመታው ዩኒክስ በተባለው ሲስተም የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን ነበር። ሊኑክስም ማክም የዚያው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከአፈጣጠሩ የማይነካ ኮምፒውተር ኖሮ አያውቅም።

የማክ ተጠቃሚዎችን ከእንቅልፍ የቀሰቀሰው 2012 ነው። ፍላሽባክ የተባለ ማልዌር ከ600,000 በላይ ማኮችን ያዘ። ሲጀምር የፍላሽ ማጫወቻ መስሎ ሰውን ያታልል ነበር። በኋላ ግን በጃቫ ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ መግባት ጀመረ። ያኔ የተበከለ ድረ ገጽ መክፈት ብቻ በቂ ሆነ። ሰውየው ምንም አላወረደም፣ ፓስወርድም አላስገባም። የጃቫ ባለቤት የሆነው ኦራክል ያንን ቀዳዳ በፌብሩዋሪ ደፍኖት ነበር። ለማክ የሚሆነው ጥገና በአፕል በኩል የደረሰው ግን በኤፕሪል ነው። ያ የሳምንታት ክፍተት ነው በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ያን ጊዜ የጎደለው ነገር ምን እንደነበር ልብ እንዲሉልኝ ነው። የጎደለው አፕዴት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ትልቁ ነገር የሌባው ፍላጎት ነው። ድሮ ቫይረስ ሲባል ኮምፒውተር የሚያበላሽ፣ ፋይል የሚያጠፋ ነገር ነበር የሚታየን። የዛሬው ሌባ ኮምፒውተርዎ እንዲበላሽ አይፈልግም። በጸጥታ ገብቶ፣ የሚፈልገውን ወስዶ መውጣት ነው የሚሻው። የሚፈልገው ደግሞ ብሮውዘርዎ ውስጥ ነው ያለው፦ የተቀመጡ ፓስወርዶች፣ የባንክ ካርድ ቁጥሮች፣ የክሪፕቶ ዋሌት፣ ከሁሉም በላይ ኩኪዎች።

ስለ ኩኪ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋልና። ኢሜይልዎን አንዴ ከፍተው ሲገቡ ድረ ገጹ ለብሮውዘርዎ የመግቢያ ካርድ ይሰጠዋል። በየቀኑ ፓስወርድ የማይጠየቁት በዚህ ካርድ ምክንያት ነው። ካርዱን የሰረቀ ሰው ፓስወርድዎን ሳያውቅ፣ በስልክ የሚላከውን ኮድም ሳይጠየቅ፣ እርስዎን መስሎ ሊገባ ይችላል። «እኔ እኮ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቻለሁ» ብሎ የተማመነ ሰው በዚህ መንገድ ኢሜይሉን ሲነጠቅ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

በ2023 አቶሚክ ስቲለር የሚባል ማልዌር ብቅ አለ። የተጻፈው ለማክ ብቻ ነበር። በቴሌግራም ላይ በወር 1,000 ዶላር ይከራይ ነበር። ተከራዩ ማልዌር መጻፍ መቻል አይጠበቅበትም፤ ኪራዩን ከፍሎ ሰው ማታለል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እንግዲህ ሂሳቡን ይሥሩት። አንድ ጥሩ ገንዘብ ያለበት ዋሌት ከተገኘ የብዙ ወር ኪራይ ይወጣል። የማክ ተጠቃሚ ቁጥር ማነሱ ለዚህ ሌባ ምኑም አይደለም። የውሸት የባንክ ገጽ ሠርቶ በኢሜይል ሊንክ የሚልከው ደግሞ ኮምፒውተርዎ ምን እንደሆነ ጭራሽ አይጠይቅም።

«ታዲያ ለምን ፀረ ቫይረስ አልገዛም?» ሊሉኝ ነው። ማክዎ ውስጥ አንድ ስላለ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ መስኮት የለው፣ አርማ የለው፣ «ስካን አድርጌ ጨረስኩ» ብሎ አይጨቀጭቅ። ስሙ ኤክስፕሮቴክት ነው። ከ2009 ጀምሮ ማክ ውስጥ አለ። የታወቁ ማልዌሮችን ዝርዝር ይዞ፣ ፕሮግራም ሲከፈት ያነጻጽራል፤ ካገኘው ያግዳል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ የገባውን እየፈለገ የሚያጸዳ ክፍል ተጨምሮለታል። ጌትኪፐር የሚባለው ሌላው ጠባቂ በ2012 መጣ። እሱ ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከአፕ ስቶር ውጭ የሚወርዱ ፕሮግራሞችም ቀድመው ወደ አፕል ተልከው እንዲመረመሩ ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ እንከን የለሽ ነው አልልም። በ2016 ትራንስሚሽን የተባለው የታወቀ ፕሮግራም ከራሱ ከዋናው ድረ ገጽ ተበክሎ ወረደ። በውስጡ የነበረው ኬሬንጀር የተባለ ማልዌር አፕል ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚሰጠው ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ (የባለቤቱ መታወቂያ) ስለነበረው ጌትኪፐር አሳለፈው። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ፋይሎችን ቆልፎ አንድ ቢትኮይን ጠየቀ። በ2020 ደግሞ ሽሌየር የሚባለው ማልዌር በአፕል ምርመራ ውስጥ ሾልኮ አልፏል። ነገር ግን የሚገዙትም ፀረ ቫይረስ በአብዛኛው የሚያውቀውን ነው የሚይዘው። አዲስ የሆነውን ሁለቱም የመሳት ዕድል አላቸው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ዛሬ ማክ ላይ የሚገባው ማልዌር በብዛት በሩን ሰብሮ አይደለም የሚገባው። ቁልፉን ከእርስዎ ጠይቆ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም በነጻ ፈልገው ጎግል ላይ ይጽፋሉ። ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ነው፤ ገጹ ዋናውን ቁርጥ ይመስላል። ያወርዳሉ፣ ይከፍታሉ። «ፓስወርድዎን ያስገቡ» የሚል መስኮት ይመጣል። መስኮቱ የማክን መስኮት ይመስላል እንጂ የማክ አይደለም፤ ማልዌሩ ራሱ የሳለው ነው። ያስገባሉ። በዚያች ቅጽበት ፓስወርዶችዎ ሁሉ የተቀመጡበት ኪይቼይን ተከፈተ ማለት ነው። አልቋል።

ሌላው መንገድ ከዚህም ይብሳል። አንድ ገጽ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» ይልዎታል። ወይም «ይህን ችግር ለመፍታት የሚከተለውን መስመር ኮፒ አድርገው ተርሚናል ላይ ይለጥፉ» ይላል። ተርሚናል ማለት ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የሚያዙበት ቦታ ነው። እዚያ የሚለጥፉት ነገር የእርስዎ ትእዛዝ ተደርጎ ይወሰዳል። ጌትኪፐርም የሚፈትሸው ነገር አያገኝ ይሆናል፤ ትእዛዙ የመጣው ከባለቤቱ ነዋ! ይህን አንድ ነገር ብቻ ከጽሑፌ ቢወስዱልኝ ደስ ይለኛል፦ የትኛውም እውነተኛ ድረ ገጽ ሰው መሆንዎን ለማረጋገጥ ተርሚናል አያስከፍትዎትም። በጭራሽ።

«ፍላሽ ማጫወቻዎን አፕዴት ያድርጉ» የሚል መስኮት ካዩም ወዲያው ይዝጉት። ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ላይ ተቋርጧል። አፕዴት የሚባል ነገር የለውም።

ክራክ የተደረገ (የክፍያ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚሰራጭ) ሶፍትዌር የሚያወርድ ሰው ግን ሌላ ምድብ ውስጥ ነው ያለው። ክራክ ለማድረግ የፕሮግራሙ ፊርማ መነካቱ አይቀርም። ስለዚህ አውራጁ «የማክን ማስጠንቀቂያ እለፈው» የሚል መመሪያ አብሮ ይሰጠዋል። ጥበቃውን በገዛ እጁ እንዲያነሳ እየተነገረው ነው። ለዚህ ሰው ፀረ ቫይረስ ቢጭንም ብዙም አይረዳው፤ እሱንም «የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው» ብሎ ያጠፋዋልና።

ወደ ባለቤትዎ ላፕቶፕ ልምጣ። ሊኑክስ በቤት ውስጥ የሚጠቀምበት ሰው ከዊንዶውስም ከማክም ያነሰ ነው። የሚጠብቀው ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ልማዱም ነው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው ከስርጭቱ (ተዘጋጅቶ ከሚቀርበው የሊኑክስ ዓይነት) የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ ነው። ጎግል ላይ ፈልጎ ከማይታወቅ ገጽ ማውረድ የተለመደ አይደለም። ማከማቻው ውስጥ ያለው ነገር ፊርማ አለው፣ የሚከታተለው ሰው አለው፣ አፕዴቱም በአንድ ላይ ይመጣል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ፀረ ቫይረስ ይበልጣል።

አንድ የተሳሳተ መጽናኛ ግን አለ። «ሊኑክስ ላይ ቫይረስ ቢገባም ሩት ፓስወርድ ስለሌለው ምንም አያደርግም» ይባላል። ሩት ማለት የሲስተሙ ባለሥልጣን ነው። እውነት ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ሲስተሙን መለወጥ ያስቸግራል። ግን ባለቤትዎ የሚሳሱለት ነገር የት ነው ያለው? ፎቶው፣ ሰነዱ፣ የብሮውዘሩ ፓስወርድ፣ ሁሉም ያለው በራሳቸው አካውንት ስር ነው። እሱን ለመስረቅ ሩት መሆን አያስፈልግም። የሲስተሙ ፋይልማ በግማሽ ሰዓት እንደገና ይጫናል። የልጅ ፎቶ ግን እንደገና አይጫንም።

ማከማቻም፣ የስርጭቱ ድረ ገጽም ቢሆን ይሳሳታል። በፌብሩዋሪ 2016 ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርጭት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማውረጃው ሊንክ የኋላ በር (ሌባ በስውር የሚገባበት መንገድ) ወዳለበት ቅጂ እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። ማንኛውም ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚያስገባበት፣ አርች ሊኑክስ የተባለው ስርጭት ማከማቻ ውስጥም ማልዌር ተገኝቶ ያውቃል። በማርች 2024 የሆነው ደግሞ እስካሁን ይገርመኛል። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የኋላ በር ተሰውሮ ነበር። የነቃበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ወደ ኮምፒውተር በርቀት መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት «ለምን?» ብሎ ቆፈረ። በዚያ ቁፋሮ ነው ጉዱ የወጣው፤ ወደ ብዙዎቹ ዋና ስርጭቶች ሳይገባም ተያዘ። ማንቂያውን የደወለው ፀረ ቫይረስ አልነበረም።

ለሊኑክስ ክላም ኤቪ የሚባል ነጻ ፀረ ቫይረስ አለ። በብዛት የሚሠራው የኢሜይል ሰርቨር (የብዙ ሰው ኢሜይል የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ላይ ነው። በዚያ የሚያልፈውን ፋይል እያጣራ ዊንዶውስ ያለው ተቀባይ እንዳይጎዳ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ላለ አንድ ላፕቶፕ ግን የግድ ነው አልልም። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ የሊኑክስ ሰርቨር በየሰዓቱ በሩ ይንኳኳል።

ቤታችሁ ውስጥ ያለው ራውተርም ሊኑክስ የሚሠራ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ራውተሮችንና የደህንነት ካሜራዎችን በገፍ የያዘው ከፋብሪካ የመጡበት ፓስወርድ ሳይቀየር ስለቀረ ነው። ለላፕቶፑ የተጨነቀ ሰው ራውተሩን ቢያየው ይሻላል።

ክሮምቡክ (የጎግል ሲስተም ያለበት ላፕቶፕ) ያላቸው ሰዎችም አንዳንዴ ይጠይቁኛል። እዚያ ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ አያስፈልግም። ሲነሳ ራሱን ይፈትሻል፣ አፕዴቱን ራሱ ያመጣል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከብሮውዘር ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘሩ ላይ ከሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ነው።

ፀረ ቫይረስ ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሥራውን ለመሥራት ሁሉንም ፋይል ማንበብ አለበት፤ ስለዚህ ከፍተኛ ሥልጣን ይሰጠዋል። እሱ ራሱ ቀዳዳ ሲኖረው ቀዳዳው የሚወስደው ወደ ጓዳ ነው። በ2016 የጎግል ተመራማሪው ታቪስ ኦርማንዲ ሲማንቴክ በተባለው የፀረ ቫይረስ ኩባንያ ምርቶች ውስጥ ከባድ ቀዳዳዎች አግኝቷል፤ ፋይሉ በኢሜይል መድረሱ ብቻ ጥቃቱን ለመፈጸም በቂ ነበር። በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሏል። «ነጻ» የሚባለውም ዋጋ አለው። ፀረ ቫይረስ ሠሪው አቫስት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ በእህት ኩባንያው በኩል ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል።

ማክ ላይ ደግሞ የውሸት ፀረ ቫይረስ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በ2011 ማክ ዲፌንደር የሚባለው «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል» እያለ ሰው አስደንግጦ የካርድ ቁጥር ይቀበል ነበር። ዛሬም ስሙን እየቀያየረ ይመጣል። ድረ ገጽ ኮምፒውተርዎን ስካን ማድረግ አይችልም። «5 ቫይረስ አገኘሁ» ያለዎት ገጽ ውሸታም ነው።

ያም ሆኖ «ጫኑ» የምላቸው ሰዎች አሉ። አፕዴት የማይመጣለት አሮጌ ማክ ያለው አንዱ ነው። አፕል በተለምዶ የደህንነት ጥገና የሚልከው ለቅርቦቹ ሦስት የማክ ኦኤስ ስሪቶች ነው። ከዚያ የወጣ ማክ ላይ ፀረ ቫይረስ ጊዜ ይገዛል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። ያንን ማክ ሊኑክስ ጭኖ ማደስም ጥሩ መላ ነው። ዊንዶውስ ከሚጠቀሙ ሰዎች ጋር ቀን ከሌት ፋይል የሚለዋወጥ ሰው ደግሞ ሌላው ነው። በ1995 የመጣው ኮንሴፕት የተባለው የወርድ ማክሮ (በሰነድ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ቫይረስ ማክና ዊንዶውስ ሳይለይ በሰነድ ውስጥ ይጓዝ ነበር። እርስዎን የማይጎዳ ፋይል የሥራ ባልደረባዎን ሊጎዳ ይችላል። መሥሪያ ቤትዎ «ግዴታ ነው» ካለም ይጫኑ። ያገኘውን ሁሉ የሚያወርድ ወጣት የሚነካው ኮምፒውተር ላይም ባደርገው አልጸጸትም። እንዲህ ከሆነ፣ በፈለጉት ሰዓት ስካን የሚያደርግ ከታወቀ ድርጅት የመጣ አንድ ብቻ ይበቃል። ሁለት አይጫኑ፤ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ዛሬ ማታ የማደርገውን ልንገርዎት። ማኩ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ ከፍቼ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ እገባለሁ። ራሱን አፕዴት እንዲያደርግ፣ የደህንነት ፋይሎችንም እንዲጭን የሚያደርጉት ማብሪያዎች መብራታቸውን አያለሁ። ኤክስፕሮቴክት ዝርዝሩን የሚያድሰው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ብሮውዘሬን ከፍቼ የማላውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች አጠፋለሁ። ፎቶና ሰነዶቼን ውጫዊ ዲስክ ላይ ባክአፕ አደርግና ዲስኩን እነቅለዋለሁ። ተሰክቶ የሚያድር ባክአፕ ከዋናው ጋር አብሮ ሊቆለፍ ይችላል። ሊኑክሱ ላይ አፕዴቱን አሂጄ፣ ፋየርዎሉ (ያልተፈለገ የኔትወርክ ግንኙነት የሚያግደው) መብራቱን አይቼ እዘጋዋለሁ። ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀረ። ከላይ የገለጽኩትን ስታነቡ «ወይ ጉድ፣ እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ መስኮት ላይ ፓስወርዴን አስገብቻለሁ» ያላችሁ ትኖራላችሁ። አትፈሩ፣ ግን አትዘግዩ። ያንን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አቋርጡት። ፓስወርድ የምትቀይሩት በሌላ መሣሪያ ነው፤ በስልክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር። ከኢሜይል ጀምሩ፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚከፈቱት በእሱ ነውና። ቀጥሎ ባንክ። ፓስወርዱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። የተሰረቀው ኩኪ ዋጋ የሚያጣው ያኔ ነው። ክሪፕቶ ካላችሁ አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ ገንዘቡን አዛውሩ፤ አሮጌው ቁልፍ ከእንግዲህ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከዚያ የኮምፒውተሩን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሰርዛችሁ ሲስተሙን እንደገና ጫኑ። ከባክአፕ የምትመልሱት ሰነድና ፎቶ ብቻ ይሁን፤ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ከየምንጫቸው እንደ አዲስ አውርዱ።